በአንድ ደመወዝ ብዙ ሙያ

አባባ ተስፋዬን (ተስፋዬ ሣህሉን) አብዛኛው ሰው የሚያስታውሳቸው በሽምግልናቸው ነው። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተኮልኩለው ያደጉ የከሚሴ፣ የኮምቦልቻና የደሴ ልጆች፣ እንደ አዲስ አበባ ልጆች ሁሉ፣ የሚያውቋቸው ተረት ሲነግሩ፣ ምትሃት ሲያሳዩ፣ ሕፃን ሲያዩ ፊታቸው ሲፈካ ነው። እኒህ አዛውንት በወጣትነታቸው ዘፋኝና ሙዚቀኛ እንደ ነበሩ፣ ከዚያም አልፎ ቀሚስ ለብሰው መድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ እንደ ነበር ሲነገረው ብዙ ሰው በመገረም ነው የሚሰማው።

ስለ እርሳቸው በተጻፈ ቁጥር «ሁለገብ» የምትለው ቃል አትቀርም። ሁለገብ መሆናቸው እውነት ነው። ጉዳዩን የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አድርገን ከተውነው ግን ግማሹ ታሪክ ያመልጠናል። ተስፋዬ ሣህሉ ያደጉበት የጥበብ ቤት ዘፋኝን ለብቻ፣ ተዋናይን ለብቻ የሚቀጥር ቤት አልነበረም። የሚቀጥረው የመድረክ ሰው ነበር፤ ያ ሰው ሲያስፈልግ ይዘፍናል፣ ሲያስፈልግ መሣሪያ ይመታል፣ ሲያስፈልግ ንጉሥ ወይም ሎሌ ወይም ሙሽራ ይሆናል። ደመወዙ ግን አንድ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፦ በእኛ አገር የኦርኬስትራ ዘፋኝ ወደ ተዋናይነት የተሻገረው ሁለቱን ሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሠራ ቤት ስለ ነበረ ነው። ቤቱ ሲከፈል ሙያተኛውም አብሮ ተከፈለ።

የነፋስ መሣሪያና መጋረጃ በአንድ ቤት

ትያትርና ባንድ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በተለያየ በር ነው። ትያትሩ የተማረ ሰው ይዞት የመጣ ነገር ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔታቸውን ሲያሳዩ፣ በአውሬዎቹ ስም የተተቸው የቤተ መንግሥቱ አስተዳደር መሆኑ ስለ ታወቀ ሥራው ታገደ። ባንዱ ደግሞ የመጣው በወታደርና በሥነ ሥርዓት በኩል ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የነሐስ መሣሪያዎች ገቡ። ቀጥሎም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ አዩ፤ አርባውንም ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ ናቸው። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው።

ሁለቱን በአንድ ያጋጠማቸው ጊዜውና ችግሩ ነው። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ዓላማው ሕዝቡን ለመከላከል መቀስቀስ ነበር። ንግግሩ፣ ግጥሙ፣ ዘፈኑና ጭውውቱ ሁሉም አንድ ሥራ ስለ ነበራቸው አንዱን ከአንዱ ለይቶ የሚያቀርብ አልነበረም። ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ ወደ ትያትር ቤትነት ሲያድግም ይህ ልማድ አልለቀቀውም። ተመልካቹ ቲኬት ቆርጦ ሲገባ የሚጠብቀው ተውኔት ብቻ አልነበረም፤ የባህል ዘፈን፣ እስክስታ፣ ዘመናዊ ሙዚቃና ቀልድም አብሮ ይጠብቃል። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ትያትርም በዚሁ መንገድ ሄደ፤ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ተውኔትም ያሳይ ነበር።

የዚህን ዓይነት ምሽት አሠራር ከመጋረጃው በስተኋላ ሆነን ብናየው፣ ዘፋኙ ለምን ተዋናይ እንደሚሆን ወዲያው ይገባናል። ተውኔቱ አንድ ክፍል ሲጨርስ መጋረጃው ይዘጋል። ከኋላ ወንበርና ጠረጴዛ ይነሣል፣ ሌላ ዕቃ ይገባል፣ ተዋንያን ልብስ ይለውጣሉ። ተመልካቹ ዝም ብሎ ጨርቅ ሲያይ እንዳይቀመጥ ከመጋረጃው ፊት ሰው ወጥቶ ይዘፍናል፣ ወይም ያስቃል። ያ ሰው ዘፈኑን ሲጨርስ ሮጦ ገብቶ ካባ ይደርባል፤ መጋረጃው ሲከፈት ባላባት ሆኖ ቆሟል። የሰው ቁጥር ጥቂት ነው፤ ደመወዝ የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤት ወይም መንግሥት ነው፤ በመሆኑም ዘፋኙ «ትወና የእኔ ሥራ አይደለም» የሚልበት መንገድ የለውም።

ኦርኬስትራው ራሱም ዘፋኙን ለትወና ያዘጋጀው ነበር። ከማሲንቆ ወይም ከክራር ጋር የሚዘፍን ሰው ዜማውን እንደ ልቡ ይጎትታል፤ አጃቢው ይከተለዋል። የኦርኬስትራ ዘፋኝ ግን፣ ጡሩምባው፣ ትሮምቦኑና ሳክስፎኑ የሚጫወቱት በኖታ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ መግቢያውን መቁጠር፣ ተራውን መጠበቅ፣ መሣሪያዎቹ ሲመልሱ ደግሞ አፉን ዘግቶ መድረኩን በፊቱና በእጁ መያዝ አለበት። ተራ ጠብቆ መናገርን፣ ሌላው ሲናገር በዝምታ መድረክ ላይ መኖርን ተዋናይ የሚማረው በልምምድ ነው። የባንድ ዘፋኝ ይህን ትምህርት ሳያውቀው ጨርሶታል።

ከባሌ እስከ ማዘጋጃ ቤት

ተስፋዬ ሣህሉ የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. በባሌ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ። የእርሳቸው ዕድሜ ሰዎች ትምህርት ቤት የሚገቡበት ጊዜ በጦርነትና በስደት አለፈ። በዚያ ዘመን ከጠቅላይ ግዛት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ወጣት የጥበብ ትምህርት ቤት አይጠብቀውም፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ መድረኩ ነው። መሣሪያውን ከሚመታው ሰው፣ ዘፈኑን ከሚዘፍነው፣ አነጋገሩን ከሚተውነው እያዩ መልመድ ብቻ ነው ያለው አማራጭ። ማዘጋጃ ቤት የገቡት ተስፋዬም በዚህ መንገድ ዘፈንን፣ መሣሪያን፣ ትወናንና ቀልድን አንድ ላይ ያዙ። በኋላ በልጆች ዘንድ ስም ያተረፈላቸው ምትሃትም በዚሁ ላይ ታከለ።

ማዘጋጃ ቤት ሳሉ የተሰጣቸው ሥራ ግን በዛሬ ዓይን የሚያስደንቅ ነው። የሴት ገጸ ባሕርይ መጫወት ነበር። ምክንያቱ ቀላልና መራራ ነው፤ መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት አልነበረችም ማለት ይቻላል። በኅብረተሰቡ ዓይን ዘፋኝና ተዋናይ «አዝማሪ» ተብሎ የሚናቅ ነው፤ ወንዱ ንቀቱን ችሎ ቢገባም ሴት ልጁ እንድትገባ የሚፈቅድ ቤተሰብ ማግኘት ከባድ ነበር። ፀሐፌ ተውኔቱ ግን እናት፣ ሚስት፣ ሙሽራ ጽፏል። ስለዚህ መልኩ ለስለስ ያለ፣ ድምፁን እንደ ልቡ ማቅጠንና ማወፈር የሚችል ወንድ ይፈለጋል። ድምፅን ማቅጠንና ማወፈር ደግሞ የማን ሙያ ነው? የዘፋኝ ነው።

አንድ ወንድ ሴት ሆኖ ሊያሳምን የሚችለው በቀሚስና በሻሽ ብቻ አይደለም። ነጠላው ትከሻ ላይ የሚያርፍበት አኳኋን አለ፤ ሲቀመጡ ጉልበት የሚገጥምበት፣ እንግዳ ሲገባ ዓይን የሚሰበርበት፣ ሲያለቅሱ ድምፅ ከመሰበሩ በፊት የሚንቀጠቀጥበት ሁሉ አለ። ከተመልካቹ መካከል እናቱንና እኅቱን ዕለት ዕለት የሚያይ ሰው ተቀምጧል፤ አንዲት ስሕተት ብትገኝ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፣ አሳዛኙ ታሪክም ያበቃለታል። ተስፋዬ ይህን ፈተና ደጋግመው ማለፋቸው በሰው ጠባይ ላይ ያላቸውን ትዝብት ያሳያል። በኋላ ዘመን አያትም፣ ጥንቸልም፣ ጅብም ለመሆን ያልተቸገሩት ከዚህ ተነሥተው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የወንዶቹን ቀሚስ ያስወለቀችው ሴት ከዚያው ቤት ነው የወጣችው። አስናቀች ወርቁ በመድረክ ተውኔት ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያት መካከል ናት። እርሷም ተዋናይት ብቻ አልነበረችም፤ ክራር ትመታለች፣ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር የ«ኦቴሎ»ዋን ዴዝዴሞና ተጫውታለች፤ በውጭ አገር ሰሚ ዘንድ የምትታወቀው ግን «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ አልበም 16ኛ ቅጹን ለእርሷ ስለ ሰጠ፣ በክራሯ ነው። በተስፋዬ ዘመን ከነበሩት የመድረክ ሰዎች መካከል ማንንም ብንወስድ «ዘፋኝ ነበር ወይስ ተዋናይ?» ብሎ መለየት የሚያስቸግረን በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው የእኛ ዘመን ጥያቄ ነው።

ያለ መጋረጃ

በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ዘመተ። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው ይህ ጦር በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰልፎ ተዋጋ። ከ120 በላይ ወታደሮቹ ወደቁ፤ ለጠላት አንድም ምርኮኛ ሳይሰጥ መመለሱም ዛሬ ድረስ ይወሳል። ተስፋዬ ሣህሉ ወደ ኮሪያ የሄዱት ለእነዚህ ዘማቾች የሙዚቃና የቀልድ ዝግጅት ለማቅረብ ነው።

ለዘማች መዝፈን ከማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ፈጽሞ ይለያል። መጋረጃ የለም፤ የተሟላ ኦርኬስትራ የለም፤ ተመልካቹ ቲኬት ቆርጦ ሊዝናና የመጣ ከተሜ አይደለም። አገሩ ናፍቆታል፣ ጓዱን ቀብሯል፣ ነገ የት እንደሚውል አያውቅም። ዘፈን ብቻ ቢሰጡት ትዝታው ይብስበታል፤ ቀልድ ብቻ ቢሰጡት እንደ ንቀት ይቆጥረዋል። አንድ ሰው ሰዓቱን ብቻውን ይዞ፣ ከዘፈን ወደ ጨዋታ፣ ከጨዋታ ወደ ዘፈን እያሻገረ፣ የተመልካቹን ፊት እያነበበ መሄድ ይኖርበታል። ለአንድ የመድረክ ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት የለም። ተስፋዬ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው አንዲት ካሜራ ፊት ብቻቸውን ሲቀመጡ አዲስ ነገር ያልሆነባቸውም ይህን ስለ ለመዱ ነው።

ትልቁ ቤት

ንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓላቸውን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ትያትር ማለት ነው። ለመክፈቻው የቀረበው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች ብዙዎቹ፣ ተስፋዬም ጭምር፣ ወደዚህ ተሻገሩ። ኦርኬስትራውን መጀመሪያ የመሩት ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ተተኩ።

ናልባንዲያን የገጠማቸው የሙያ ችግር ከከሚሴ ጋር የሚያገናኘን መሥመር አለው። በተለምዶ የሚቆጠሩት ቅኝቶቻችን አራት ናቸው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ከእነዚህ ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። ባቲ ዛሬ፣ እንደ ከሚሴ ሁሉ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት የሰኞ ገበያዋ ከአገር አልፎ የታወቀ ነው። ቅኝቶቹ ሁሉ በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ናቸው። የአውሮፓ ኦርኬስትራ ግን የተሠራው ሰባት ድምፅ ላለው ሙዚቃ ነው፤ ሦስት አራት መሣሪያዎች የተለያየ ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲያሰሙ እንዲስማሙ የሚደረግበት ሕግም ከዚያ የመጣ ነው። ያንን ሕግ እንዳለ ባቲ ላይ ቢጭኑት የቅኝቱ ጠረን ይጠፋል። የነርሲስ ናልባንዲያን የዕድሜ ልክ ሥራ ባቲም ትዝታም ወዛቸውን ሳይለቁ በጡሩምባና በሳክስፎን የሚነገሩበትን አጻጻፍ መፈለግ ነበር።

ዘፋኙ በዚህ መካከል የሚሠራው ሥራ ከባድ ነው። ከበስተኋላው የተጻፈ ሙዚቃ አለ፤ ከፊቱ ባቲን በሠርግና በገበያ የሰማ ተመልካች አለ። ቃሉን ለማሰማት መጮህ የለበትም፤ ግጥሙ ምን እንደሚል በፊቱ ማሳየት አለበት። የዚያን ዘመን ዘፋኞች ዘፈንን እንደ ትንሽ ተውኔት ነበር የሚያቀርቡት። ልብሱ፣ አቋቋሙ፣ እጁን ወደ ልቡ የሚወስድበት ቅጽበት ሁሉ የታሰበበት ነው። የትያትር ቤቱ አዘጋጅ ለተውኔት ሰው ሲፈልግ ራቅ ብሎ አይሄድም፤ ትናንት ማታ ያንን ዘፈን ያቀረበውን ይጠራል።

ሌላው መንገድ፦ ሲናትራና ጥላሁን

የባንድ ዘፋኝ ተዋናይ ሆነ ሲባል ዓለም የሚያስበው አሜሪካን ነው። ፍራንክ ሲናትራ እ.ኤ.አ. በ1939 ከሃሪ ጄምስ ባንድ ጋር ጀመረ፤ በ1940 ወደ ቶሚ ዶርሲ ባንድ ሄደ፤ በ1942 ለቆ ብቻውን ወጣ። ትንፋሹን አርዝሞ መዝፈንን የተማረው ዶርሲ ትሮምቦን ሲነፋ እያየ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። በ1953 «ፍሮም ሂር ቱ ኢተርኒቲ» በተባለው ፊልም ተጫውቶ በዓመቱ የኦስካር ሽልማት አገኘ። ዶሪስ ዴይም እንዲሁ ናት፤ በ1945 ከሌስ ብራውን ባንድ ጋር በዘፈነችው ዘፈን ታወቀች፣ በ1948 የመጀመሪያ ፊልሟን ሠራች።

በእነርሱ አገር ይህን ያመጣው ገበያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1944 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ሸክላ አንቀርጽም ብሎ አደመ። ዘፋኞች የማኅበሩ አባል ስላልነበሩ ያለ ባንድ፣ በድምፅ አጃቢዎች ብቻ መቅረጽ ቀጠሉ። በዚህ መካከል ዘፋኙ ከባንዱ ይልቅ ታወቀ። ጦርነቱ ሲያበቃ ትልልቅ ባንዶችን ማስተዳደር አላዋጣም፤ በ1946 መጨረሻ ብዙዎቹ ተበተኑ። ዘፋኙ ቤት አጣ፣ ሆሊዉድ ተቀበለው። ማለትም በአሜሪካ የባንድ ዘፋኝን ተዋናይ ያደረገው የባንዱ መፍረስ ነው።

እኛ ጋ የሆነው ተቃራኒው ነው። ተስፋዬን ተዋናይ ያደረጋቸው የባንዱ መኖር፣ ያውም ከትያትሩ ጋር ተጣብቆ መኖር ነው። ባንዱ ከትያትሩ ሲላቀቅ ዘፋኝ ዘፋኝ ብቻ ሆኖ ቀረ። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ጥላሁን ገሠሠ ነው። እርሱም የመድረክ ሕይወቱን የጀመረው በአገር ፍቅር ነበር፤ ከዚያ ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሄደ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች የተውኔት ሥራም ቢኖራቸው ስማቸው የገነነው በሙዚቃ ነው፤ ብዙነሽ በቀለ፣ ታምራት ሞላ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሒሩት በቀለ የወጡት ከእነዚህ ነው። ጥላሁን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ እስከ መታሰር ደርሷል፤ ወደ ትልቁ ትያትር ቤት ሲሄድ ግን ድምፁ ከእርሱ የሚፈለገውን ሁሉ አስቀድሞ ወስኖ ነበር። የተስፋዬና የጥላሁን ልዩነት የችሎታ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ያሳደገው ቤት ልዩነትም ነው።

አንድ ሰው፣ አንድ ካሜራ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ተስፋዬ ሣህሉ በዚያው ጊዜ የልጆችን ክፍለ ጊዜ ይዘው ለ42 ዓመታት ያህል ቆዩበት።

ለምን እርሳቸው? የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቴሌቪዥን አሠራር ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ዝግጅቱ በአመዛኙ ቀጥታ ነው፤ የተሳሳተውን ቆርጦ የሚጥል የለም። ስቱዲዮው ጠባብ፣ ዕቃው ጥቂት፣ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ልጅ ደግሞ ከተመልካች ሁሉ ጨካኝ ነው፤ ከሰለቸው ይነሣል። ይህን ሰዓት ብቻውን የሚሞላ ሰው መዝፈን፣ መተወን፣ ተረት ማውራት፣ ማስደነቅም መቻል አለበት። አራት ሰው የሚጠይቀውን ሥራ በአንድ ደመወዝ ሊሠራ የሚችል ሰው የት ይገኛል? ትያትር ቤት።

ተረት ሲነግሩ የሚያደርጉትን ልብ ብለን ብናይ የድሮው መድረክ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ጅብ ሲመጣ ድምፃቸው ይወርዳል፣ አፋቸው ይሰፋል፤ ጥንቸል ስትመልስ ድምፁ ይቀጥናል፣ ዓይን ይፈጥናል። በመካከል ዝም ይላሉ፤ ልጆቹ ቀጥሎ የሚሆነውን ሲገምቱ ይጠብቋቸዋል። ከዚያ ተራውን ለአንዱ ልጅ ይሰጣሉ። ልጁ የሚናገረው ቢጠፋው ሳያሳፍሩት ያወጡታል፣ ተረቱን ቢረሳው ጫፉን ያቀብሉታል። የኦርኬስትራ ዘፋኝ መሣሪያዎቹ ሲመልሱ እንደሚጠብቅ፣ እርሳቸውም የልጁን ተራ ይጠብቃሉ። የሴት ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ ያዳበሩት የሰውን ጠባይ የመቅዳት ችሎታ አሁን እንስሳ ሁሉ የሚናገርበት ዓለም አገልጋይ ሆነ።

በመጀመሪያው ዘመን ቴሌቪዥኑ የሚታየው አዲስ አበባና አካባቢው ላይ ነበር። በኋላ ማሠራጫዎቹ ሲበዙ፣ በደርግ ዘመንም በየከተማው የሕዝብ መመልከቻ ቴሌቪዥን ሲቀመጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ልጆችም ተካፋይ ሆኑ። ለብዙ የከሚሴ ልጅ የመጀመሪያው ተዋናይ፣ ተዋናይ መሆናቸውን ሳያውቅ ያያቸው እኒህ ሰው ናቸው። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ በየቤቱ የታዘነው እንደ ቤተሰብ አባል ነው።

ቤቱ ሲከፈል

አንድን የመድረክ ሰው ዘፋኝም ተዋናይም ያደርግ የነበረው ቤት በሦስት ደረጃ ተከፈለ።

መጀመሪያ ሙዚቃው የራሱን ገበያ አገኘ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የአገር ፍቅርን የሸክላ ሞኖፖሊ ጥሶ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ በሆቴሎችና በምሽት ክበቦችም የግል ባንዶች ሲስፋፉ፣ ዘፋኝ ከመንግሥት ደመወዝ ውጭ መኖር ቻለ። ሆቴል ደግሞ የሚከፍለው ለሚዘፍን እንጂ ለሚተውን አይደለም። ካሴት ሲመጣ ነገሩ ተደመደመ፤ ድምፅ ብቻ በየገበያው ይሸጥ ጀመር። ቀጥሎ ትምህርቱ ተለየ። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሙዚቀኛን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ጥበባት ክፍል ደግሞ ተዋናይንና አዘጋጅን ማሠልጠን ጀመሩ። ሁለቱም ለሙያው ጥልቀት ሰጥተዋል፤ በምትኩ አንዱ ተማሪ የሌላውን ቤት ሳያውቅ እንዲመረቅ ሆነ። በመጨረሻ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ሲበዙ ተዋናይም እንደ ዘፋኙ በሥራው ልክ የሚከፈለው የግል ባለሙያ ሆነ።

የድሮው አሠራር ረጅም ዕድሜ ያገኘው ከዋና ከተማው ውጭ ነው። በደርግ ዘመን ከክፍለ ሀገር እስከ ቀበሌ የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ዋና ሥራው ቅስቀሳ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ብዙው ነገር አብዮቱን ለማወደስ የተሠራ በመሆኑ ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። ግን አሠራሩ የማዘጋጃ ቤቱ ነበር፤ ዘፋኙ፣ ተወዛዋዡና ተዋናዩ አብሮ ይለማመዳል፣ ሲያስፈልግ ቦታ ይለዋወጣል። የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ከዚህ ዘመን ነው፤ ማሪቱ ለገሰ የታወቀችበት ቡድን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 እና 1988 አውሮፓንና አሜሪካን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ»ም ዘፈንንና ውዝዋዜን በአንድ ትርኢት አሰናስሎ ያቀረበ የዚሁ አሠራር ትልቁ ማሳያ ነው።

ከሚሴ ላይ ለዚህ ዓይነት የመድረክ ሰው የሚሆን አፈር አልጠፋም። በአካባቢው ሠርግ ላይ የሚዘፍን ወጣት አውራጅ ነው፤ ሕዝቡ ተቀባይ ነው። አውራጁ የሙሽራውን አባት ያወድሳል፣ ሚዜውን ይነካካል፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየተሻገረ የሁለቱንም ወገን ዘመድ ያስቃል። መንዙማ የሚያወርድ ሰውም ድምፁን ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ ጀማውን በትንፋሹ፣ በፊቱና በእጁ ይመራል። ይህ ወጣት ነገ ተዋናይ መሆን ቢያምረው ከዘፈን ጋር መፋታት እንዳለበት ነው የሚነገረው። አዲስ አበባ ሂድ፣ ወይ ዘፈን አውጣ ወይ ፊልም ሥራ ይባላል። ዕድሉን የሚሞክረው ለብቻው፣ በራሱ ገንዘብ ነው።

በዞኖችና በወረዳዎች ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች ሥር የኪነት ቡድኖች ዛሬም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት በዓል ሲከበርና እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ጨፍረው ይመለሳሉ። ከተስፋዬ ሣህሉ ሕይወት አንድ የሚጨበጥ ትምህርት ይወሰድ ቢባል ለእነዚህ ቡድኖች ነው የሚሆነው። ትልቅ አዳራሽ አያስፈልጋቸውም፤ ማዘጋጃ ቤትም ሲጀምር ብዙ አልነበረውም። የሚያስፈልገው ዓመቱን ሙሉ የሚከፈል ደመወዝ፣ በየሳምንቱ የሚደረግ ልምምድ፣ የባቲን ዜማ በኖታ የሚያስተምር አንድ ሙዚቀኛ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚጽፍ አንድ ደራሲ፣ ዘፋኙንም «ዛሬ አባት ሆነህ ትጫወታለህ» ብሎ የሚያዝ አንድ አዘጋጅ ነው። ሰው ሲጠፋ ስጦታ ጠፋ እንላለን፤ የእነ አባባ ተስፋዬ ታሪክ ግን ስጦታ ያለው ሰው ሁልጊዜ እንደሚገኝ፣ እርሱን ለብዙ ሥራ የሚያበቃው ቤት ግን ካልተሠራ እንደማይገኝ ነው የሚነግረን።